ፖርቱጋል ይዞ ብራዚል ላስቸገረችው ልጅ፦ ታሪፉን እንዳትጨምረው

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4 ጌም (አገር ይዘህ የምትመራበት) ላይ ፖርቱጋል ይዘሃል፣ 1560ዎቹ ውስጥ ነህ፣ የብራዚል ሊበርቲ ዲዛየር (ነፃ የመውጣት ፍላጎቷ) 63 ፐርሰንት ገብቷል፣ ወደ ህንድ የምትልካቸው መርከቦች መንገድ ላይ እያለቁ ነው፣ ካዝናው ደግሞ ባዶ፣ ስለዚ ታሪፍ (ከኮሎኒ፣ ማለትም ከቅኝ ግዛት፣ ገቢ ላይ የምትቆርጠውን) ልጨምር ወይ ነው የምትለው። ከላይ የመለሱልህ ልጆች "ጨምር ባክህ፣ ካመፁ ትቀጠቅጣቸዋለህ" ብለውሃል። እንዳትሰማቸው። ወይ ኮሎኒ አምፆባቸው አያውቅም፣ ወይ ያመፀ ቀን ሴቭ ሎድ አድርገው (የድሮውን ሴቭ ከፍተው) ረስተውታል።

ቤዚኩን እዘለዋለሁ፣ 1560 ከደረስክ ታውቀዋለህ።

1. መርከቦቹ። የሚያልቁት ኤክስፕሎረሩ (ባህር ላይ የሚያስሰው መሪ) ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ ከወደብ ርቀው በቆዩ ቁጥር በየወሩ አትሪሽን (የጉዞ ጉዳት) ስለሚበላቸው ነው። ከሊዝበን ተነስቶ አፍሪካን ዞሮ ህንድ ውቅያኖስን ጠርጎ የሚመለስ የለም። መሀል መንገድ ላይ የራስህ ወደብ ያስፈልግሃል፣ ኬፕ (የአፍሪካ ደቡብ ጫፍ) አካባቢ አንድ ፕሮቪንስ (ግዛት) ኮሎናይዝ አርግና መርከቦቹ እዛ ገብተው ይጠገኑ፣ እስከዛው ደግሞ ባህር ዳር ላይ ካለ አገር ጋር ተስማምተህ የፍሊት ቤዚንግ ራይት (ወደቡን የመጠቀም ፈቃድ) ጠይቅ። ኤክስፕሎረር ሲሞት ቶሎ ቶሎ አዲስ እየቀጠርክ ዲፕሎማቲክ ፖይንት (ለዲፕሎማሲ የሚወጣ ነጥብ) አትጨርስ፣ እነሱም ከጄኔራሎችህ ጋር አብረው ነው የሚቆጠሩት፣ ከሊሚት ካለፍክ በየወሩ ሚሊታሪ ፖይንት ይቆርጥብሃል። በዛ ላይ ሁሉንም ራስህ ማግኘት የለብህም። ካስቲል (የዛ ዘመኗ ስፔን) ከጎንህ ናት፣ እሷ ባህር ላይ ትለፋ፣ አንተ እዛ ስፓይ ኔትወርክ (የሰላይ መረብ) ገንባና ካርታዋን ስረቅ። እኔ የአሜሪካን ግማሽ ያየሁት በሰው ልፋት ነው፣ ቅንጣት አላፈርኩም።

2. ኮንኪስታዶር (በየብስ የሚያስስ የጦር መሪ)። ትልቅ ጦር ይዞ ጫካ እንዳይገባ፣ በረሀብ ይጨርሰዋል። በጣም ትንሽ አርገህም ብቻውን አትጣለው፣ ነዋሪዎቹ ይነሱበታል። ነዋሪው ስንት እንደሆነና ቁጣው ምን ያህል እንደሆነ ፕሮቪንሱን ክሊክ ስታረግ ይታያል፣ አይተህ ግባ። ሰባቱን ከተሞች (የአፈ ታሪክ የወርቅ ከተሞች) ፈልግ ብለህ ብትለቀው ራሱ ይዞራል፣ አንተ ሌላ ስራህን ስራ።

3. አሁን ወደ ዋናው። አንድ ቪዲዮ የሚሰራ ልጅ አለ፣ ስሙን ተወው፣ "ኮሎኒ ማለት ታሪፍ ነው፣ እስከ ጥጉ አውጡት" እያለ ስንቱን ገደል የከተተ። እኔም ካስቲልን ይዤ ከጓደኛዬ ጋር ኦንላይን ስንጫወት (እሱ እንግሊዝን ይዟል) ልጁ እንዳለው አረግኩ። ሜክሲኮ፣ ካሪቢያን፣ ፔሩ፣ ሁሉም ላይ ታሪፍ ወደ ላይ። መጀመሪያ ምንም የለም፣ ብሩም ትንሽ ትንሽ ይጨምራል፣ አሪፍ ነው እያልኩ ነው። ከዛ ፈረንሳይ ጋር ጦርነት ገባሁ። ጦርነቱን አልተሸነፍኩም፣ ግን ጦሬ ግማሽ ሆነ፣ ማንፓወሬም (ለጦር የሚመለመለው ሰው) አለቀ። ሰላም ፈርሜ ወደ ኮሎኒዎቹ ዞር ስል ሜክሲኮ ከ50 በላይ ወጥታለች። እዚህ ጋ ነው ማንም የማይነግርህ ነገር፣ ሊበርቲ ዲዛየር የሚያድገው በታሪፍ ብቻ አይደለም፣ ያንተና የእሷ ጉልበት ጎን ለጎን እየተመዘነ ነው። ኮሎኒዋ ዝም ብላ ቁጭ ብላ ሳለ አንተ አውሮፓ ውስጥ ጦርህን ካስጨረስክ እሷ ባለችበት ትልቅ ሆነች ማለት ነው። ታሪፉ ያዘጋጃታል፣ ያንተ ሽንፈት ወይም የተቃጠለ ድል ይለኩሳታል።

ጓደኛዬ ተብዬው ደግሞ ይሄን ሲጠብቅ ነበር። "አይ እኔ ካናዳ ላይ ነኝ፣ አልነካህም" እያለ በማይክ እየቀለደ የሜክሲኮን ነፃነት እደግፋለሁ የሚለውን ተጭኗል። ልብ በል፣ ከ50 በላይ የወጣ ሰብጀክት (በሌላ ስር ያለ አገር) ከውጭ ደጋፊ ሲያገኝ ፍላጎቱ ጭራሽ ይጨምራል፣ ጦርነት ካወጀም ደጋፊው አብሮ ነው የሚገባው። በዛ ላይ አንዷ ስትነሳ ሌሎቹ ያኮረፉትም ተከትለዋት ይነሳሉ። ማለትም እኔ ማንፓወር ሳይኖረኝ ሜክሲኮንም ፔሩንም የእንግሊዝን መርከቦችም በአንዴ።

ምን አረግኩ? ፓውዝ አስደርጌ (እሱ ተነጫነጨ፣ ይነጫነጭ) ሶስት ነገር በተከታታይ። ታሪፉን መልሼ አወረድኩ። ብድር ወስጄ መርሰነሪ (ቅጥር ወታደር) ቀጠርኩ፣ ለመዋጋት ሳይሆን ጦሬ ትልቅ ሆኖ እንዲቆጠር፣ አዎ ወለድ ይበላል፣ ከአመፅ ግን ይረክሳል። ከዛ ሜክሲኮ እዳ ነበረባት፣ እሱን ከፈልኩላት፣ ለገዢዋም ፕሬስቲጅ (የክብር ነጥብ) አውጥቼ አባበልኩት። ቁጥሩ ከ50 በታች ወረደ። ከ50 በታች የሆነ ሰብጀክት የነፃነት ጦርነት ማወጅ አይችልም፣ በቃ፣ አለቀ። ጓደኛዬ የደገፈውን ደግፎ ባዶውን ቀረ፣ ዲፕሎማቱን አባክኖ። እስካሁን "ባግ ነው" ነው የሚለው።

አንተም ብራዚል ላይ ይሄንኑ አርግ፣ ግን በቅደም ተከተል፣ ጦርህን መጀመሪያ ሙላ። ፎርስ ሊሚትህ (መያዝ የምትችለው የጦር መጠን) ግማሹ ባዶ ሆኖ ኮሎኒ አመፀብኝ ማለት አይሰራም። ትርፍ ፖይንት ካለህ ደግሞ የራሷ ፕሮቪንስ ላይ ዴቨሎፕመንት (ልማት) ጨምርላት፣ ታጠነክራታለህ ብለው የሚያስፈራሩህን ተዋቸው፣ ወዲያው ነው ቁጥሩን የሚያወርደው።

ብሩስ ታድያ ከየት ይምጣ ካልከኝ፣ ከትሬድ። ታሪፍ የሚቆረጠው ከኮሎኒዋ ገቢ ላይ ነው፣ የደሃ ኮሎኒ ገቢ ላይ 10 ፐርሰንት ሆነ 20 ምን ሊሆን ነው? ኮሎኒ ግን የትሬድ ፓወሯን (የንግድ ጉልበቷን) ግማሽ ምንም ሳትጠይቃት ላንተ ትሰጣለች፣ 10 ፕሮቪንስ ስትሞላ ደግሞ አንድ መርቻንት (ነጋዴ) ይጨመርልሃል። ያንተ ሆም ኖድ (የንግድ ብርህን የምትሰበስብበት ማእከል) ሴቪያ ነው፣ ከካስቲል ጋር የምትናጨው። የህንድ ውቅያኖስ ሀብት ከዛንዚባር ወደ ኬፕ፣ ከኬፕ ወደ አይቮሪ ኮስት፣ ከዛ ወደ ሴቪያ ይገባል፣ አይቮሪ ኮስት ላይ ግን ወደ እንግሊዝና ወደ ፈረንሳይ የሚወስድ መንገድም አለ። እዛ ጋ መርቻንት አስቀምጠህ ወደ ሴቪያ ግፋ፣ ላይት ሺፖችህ (ቀላል መርከቦች) እዛው ኖድ ላይ ትሬድ ይጠብቁ። አፍሪካና ኤዥያ ዳርቻ ላይ የያዝካቸውን ደግሞ ትሬድ ካምፓኒ (የንግድ ድርጅት) ውስጥ ክተታቸው፣ እዛ ኮሎኒያል ኔሽን (እንደ ብራዚል ያለ የኮሎኒ አገር) ስለማይመሰረት የሚያኮርፍ የለም። ወርቅ ያለበት ኮሎኒ ካለህ ትሬዠር ፍሊቱ (ወርቁን የሚያመጡት መርከቦች) በሚያልፍባቸው ኖዶች ላይ ፕራይቬቲር (ለሌላ አገር የሚዘርፍ መርከብ) እንዳይበዛ እይ፣ ሲደርስም ኢንፍሌሽን (የዋጋ ንረት) ይዞ ነው የሚመጣው፣ ነፃ ብር አይደለም።

ሌላ ሁለተኛው ጥያቄህ፣ ሰሜን አፍሪካ ላይ ቫሳሎቹ (ገባር አገሮቹ) በዙብኝ ያልከው። ቫሳል እንደ ኮሎኒ አይደለም፣ የዲፕሎማቲክ ስሎት (የግንኙነት ቦታ) ይይዛል፣ ቤዙ (መነሻው) 4 ነው፣ ከዛ በላይ ለእያንዳንዱ በወር 1 ዲፕሎማቲክ ፖይንት ትከፍላለህ። የቫሳሎች ጉልበት ደግሞ ተደምሮ ነው ካንተ ጋር የሚመዘነው፣ ስለዚ ሶስት ትንንሽ ታማኝ ቫሳል ላይ አንድ ወፍራም ስትጨምር ሁሉም አብረው ይቀየሩብሃል። 10 አመት የሞላውንና ኦፒኒየኑ (ላንተ ያለው አመለካከት) 190 የደረሰውን አኔክስ ማረግ (ወደ ራስህ መጠቅለል) ጀምር፣ ግን ሁሉንም ባንዴ አይደለም፣ አኔክስ ባረግክ ቁጥር ዲፕሎማቲክ ሬፑቴሽንህ (በአገሮች ዘንድ ያለህ ስም) ይወርዳል፣ የቀሩት ያዩታል። ብራዚል ሳትረጋጋ ደግሞ ጭራሽ አትጀምር።

አንድ ነገር ሳልረሳ፣ ካቶሊክ ስለሆንክ የቶርዴሲላስ (ስፔንና ፖርቱጋል አዳዲስ አገሮችን የተካፈሉበት ውል) ነገር ይመለከትሃል። በእውነቱ አለም 1494 ላይ በመስመር ነበር የተካፈሉት፣ ጌሙ ላይ ግን አንድ ሪጅን (ቀጠና) ውስጥ ቀድሞ ኮሎኒያል ኔሽን ላቆመው ነው ጳጳሱ መብቱን የሚሰጡት፣ ካስቲል የያዘችው ሪጅን ውስጥ ገብተህ ከሆነ ኮሎኒህ የሚያዘግመው ለዛ ነው፣ ኮሎኒስቱን (ሰፈራውን የሚመራውን) አውጥተህ ሌላ ቦታ ላከው። እና ብራዚል እስከመጨረሻው ትቆይልኛለች ወይ ላልከው፣ ጌሙ 1821 መጀመሪያ ላይ ነው የሚያልቀው፣ የእውነቷ ብራዚል የወጣችው 1822 ነው፣ ስለዚ ከታሪክ አንፃር እንኳን ማምለጫ አለህ ሃሃ።

አሁን ማውሱን 63ቱ ላይ አቁምና ዝርዝሩ ሲወጣልህ ስክሪንሾት አርገህ እዚሁ ለጥፈው። ከጉልበት ነው ከታሪፍ ነው የመጣው እዛ ላይ ይለያል፣ የሚደግፋት አገር ካለም እዛው ይታያል። ካስቲል ሆና ከተገኘች ጦሩን ከመሙላትህ በፊት ንገረኝ፣ የምነግርህ ይቀየራል።