ፊት ለፊት የነጣ፣ ከጎን የጠቆረ በር

ጥያቄ፦ የሲልቨር ኮሮላዬ የግራ የፊት በር በባጃጅ ተገጭቶ እዚሁ ኮምቦልቻ ባትላሜራ ተሠርቶ፣ ስቱኮ ተደርጎ ተቀባ። ጋራዡ ውስጥ ሳየው ምንም ልዩነት አልነበረውም። በማግስቱ ወደ ደሴ ስወጣ ሐረጎ ላይ ቆሜ በፀሐይ ሳየው ግን በሩ ፊት ለፊት ሲታይ ከፓራፋንጎው ይነጣል፤ ከኋላ ሆኜ በአግድም ስመለከተው ደግሞ ይጠቁራል። ቀቢው «ቀለም ቤቱ ነው የተሳሳተው፤ በሩን ብቻ ደግሜ ልቀባው» ይላል። ልስማማ?

መልስ፦ በሩን ብቻ ደግሞ እንዲቀባው አይስማሙ። ቀለም ቤቱንም ገና አይውቀሱ። ቀለም ቤቱ ሲበጠብጠው አጥቁሮት ቢሆን ኖሮ በሩ ከየትም ቢያዩት ይጠቁር ነበር። ፊት ለፊት ነጥቶ ከጎን የሚጠቁር ሲልቨር በአብዛኛው የአረጫጨት እንጂ የብጥበጣ ችግር የለበትም። ደርቆ ተረጭቷል።

እንደ ሲልቨር ባለ ሜታሊክ ቀለም ውስጥ ያለው ብልጭታ ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ቅንጣት ነው። ቀለሙ ላሜራው ላይ ሲያርፍ እርጥብ ከሆነ ቅንጣቱ ለመስመጥና ለመገለባበጥ ጊዜ ያገኛል፤ አንዱ ይቆማል፣ አንዱ ይጋደማል፣ ፊት ለፊት ሲታይ ይጠቁራል። ቲነሩ ገና በአየር ላይ እያለ ተንኖ ቀለሙ ደርቆ ካረፈ ግን ቅንጣቶቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ከላይ ተነጥፈው ይቀራሉ። የተነጠፈው ብርሃኑን ሁሉ ወደ ተመልካቹ ስለሚመልስ ፊት ለፊት ይነጣል፤ ጎን ለሚቆመው የሚተርፍ ብርሃን ስለሌለ ከጎን ይጠቁራል። የእርስዎ በር ላይ የታየው ይኸው ነው።

የሚያደርቁት ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ ፈጣን ቲነር፣ የበዛ የአየር ግፊት፣ ስፕሬይ ጋኑን ከበሩ ማራቅ፣ እጅን ማፍጠን፣ ሙቀት። እዚህ አካባቢ አንድ ተጨማሪ አለ። ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢራራቁም በከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ይለያያሉ። የጦሳ ተራራ ጉም በለበሰበት ጠዋት ደሴ ላይ የተሞከረ ናሙና እርጥብ አርፎ ይጠቁራል፤ ያው ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ቀለም ኮምቦልቻ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲረጭ ይነጣል። ናሙናውና በሩ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቲነር ካልተረጩ ናሙናው ዋጋ የለውም።

ምንም ከመነካቱ በፊት ሁለት ነገር ያጣሩ። መጀመሪያ መኪናዋን አጥበው ከበሩ አጠገብ ያለውን ፓራፋንጎ የመዳፍ ስፋት ያህል በፖሊሽ ፓስታ አሽተው ያስተያዩ። የዓመታት ፀሐይ ያደበዘዘው ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚለብሰው ቀለም አልባ ማብረቅረቂያ) አዲሱን በር ጥፋተኛ ያስመስለዋል፤ ከልዩነቱ ግማሹ እዚያው የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ቀጥሎ በሩን ከጥላ አውጥተው ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቀት ላይ ፊት ለፊት፣ ከዚያ በ45 ዲግሪ፣ ከዚያ በአግድም ይዩት። የጋራዥ አምፖል አያስታርቅም፤ በእሱ ሥር አንድ የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች ደጅ ሲወጡ ይጣላሉ። በግራ በኩል የሚታየው ልዩነት በቀኝ በኩል ባልተነካው በርና ፓራፋንጎ መካከልም ካለ፣ ያ ቀኙ ጎን ከዚህ በፊት ተቀብቷል ማለት ነው። ያገለገለ ሆኖ የገባ መኪና ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። የመስታወት ጎማውንና የማጠፊያ ብሎኖቹን አየት ያድርጉ፤ የቀለም ብናኝ ካለባቸው ተቀብቷል።

አሁን ወደ መፍትሔው። ሲልቨርን በበር ጠርዝ ላይ ማስቆም ከሁሉም የከፋ ነው፤ ዓይን ክፍተቱ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ስለሚያገኝ ትንሿን ልዩነት ይይዛል። ስለዚህ ቀለሙ ከበሩ ተነሥቶ በፓራፋንጎውና በኋላ በሩ ላይ እየሳሳ መክሰም አለበት። ቀቢዎች ብሌንድ የሚሉት ይህን ነው። ሲስማሙም «በሩን ቀባልኝ» ሳይሆን «ወደ ሁለቱ ጎረቤቶች ብሌንድ አድርገህ ሦስቱንም ሙሉ ክሊር አልብስልኝ» ይበሉት። ዋጋው ይጨምራል፣ ግን ሁለት ጊዜ ከመክፈል ይሻላል።

አስቀድሞ ቀቢው አሁን በሩ ላይ ያለውን ቀለም ይፈትን። በቲነር የራሰ ጨርቅ በማይታይ ጥግ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ይያዝበት። ቀለሙ ከለሰለሰና ጨርቁ ላይ ከወጣ ወይ ክሊሩ ገና አልበሰለም፣ ወይ ማድረቂያ የሌለው ርካሽ ዓይነት ነው፤ በላዩ ሌላ ሲረጭበት ይጨማደዳል። እንዲህ ከሆነ መነሣት አለበት። ከጸና በሩን በ600 ወይም 800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ማሸት ይበቃል። ጎረቤቶቹ ላይ ግን ቀለሙ አይነካም፤ ክሊሩ ብቻ በ1000 ቁጥር ማብረቅረቁ እስኪጠፋ ይታሻል። እጀታ፣ ስፖኪዮና ጌጥ ይውለቁ፤ በፕላስተር ዙሪያቸውን መሸፈን ኋላ ጠርዝ ጥሎ ይላጣል። ማጽጃው የቅባት ማስለቀቂያ እንጂ ቤንዚን አይሁን፤ ቤንዚን የራሱን ቅባት ይተዋል።

ከዚያ ናሙና። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ላሜራ፣ በሩ ላይ ባለው ግራጫ ፕራይመር (ከቀለም ሥር የሚቀባው) ተቀብቶ፣ በዚያው ጋን፣ በዚያው ግፊትና ቲነር ይረጭ። ስንት እጅ (ንብርብር) እንደፈጀ ከጀርባው ይጻፍ። ክሊር ሳይለብስ ማስተያየት ከንቱ ነው፤ ክሊር የሌለው ቀለም ደብዛዛና ነጣ ያለ ነው። ናሙናው አሁንም ከነጣ ቀቢው ወደ ብጥበጣው ከመሮጡ በፊት ቲነሩን ወደ ዘገምተኛው ይለውጥ፣ ግፊቱን ይቀንስ፣ ጋኑን ያቅርብ። ከጠቆረ ደግሞ ተቃራኒውን። የጠቆረን ሲልቨር በነጭ ቀለም ላንጣው የሚል ካለ ያስቁሙት፦ ነጩ ፊቱን አመድ ያስመስለዋል፣ ከጎን ደግሞ እንደ ወተት ያነጣዋል።

ለሦስቱ አካል ግማሽ ሊትር ያህል ያልቀጠነ ቀለምና ማድረቂያው የተቀላቀለበት 1 ሊትር ያህል ክሊር ይበቃል። የጋኑ አፍንጫ 1.3 ሚሊ ሜትር፣ ርቀቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ግፊቱ ወደ 2 ባር። ኮምቦልቻ ላይ ማለዳ መርጨት ይመረጣል። ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ በየመሐሉ የኮምፕሬሰሩ ውሃ ይፍሰስ።

የመጀመሪያው እጅ በሩ ላይ ብቻ። ሁለተኛው ወደ ጎረቤቶቹ 10 ሴንቲ ሜትር ይሻገር፣ ሦስተኛው ሌላ 15 ወይም 20። በየጫፉ እጅ እንደ ቅስት ተነሥቶ ከላሜራው እየራቀ ይጨርስ እንጂ ቀጥ ብሎ አይቁም። በየመሐሉ ቀለሙ ማብረቅረቁን እስኪተው፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ይጠበቅ፤ በደሴ ብርድ ከዚያም በላይ። የመጨረሻው እጅ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ግፊቱ ወደ 1 ባር ወርዶ፣ እንደ ካፊያ ይረጫል፤ ቅንጣቶቹን የሚያስተካክልና ዝንጉርጉሩን የሚያጠፋ ይህ ነው። ብዙ ቀቢ ይዘለዋል።

ብሌንዱ የሚበላሸው ጫፉ ላይ ነው። የሳሳው ቀለም ደረቅ ክሊር ላይ ሲያርፍ ቅንጣቱ ቆሞ ይቀርና ሻካራ ቀለበት ይሠራል። ስለዚህ ጎረቤቶቹ ላይ አስቀድሞ ቀለም አልባው የብሌንድ ፈሳሽ በስሱ ይረጭ፤ ከታጣ የመጨረሻው ቀለም በእኩል ቲነር ይቅጠን። ክሊሩ ግን አይከስምም፤ በሦስቱም ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሁለት እጅ ይልበስ። በር መሐል ላይ የቆመ ክሊር በወራት ውስጥ መስመሩን ያወጣል፣ ቀጥሎ ይላጣል። የክሊሩ ማድረቂያ አይሶሳያኔት የተባለ ሳንባን የሚጎዳ ኬሚካል ስላለው የጨርቅ ማስክ አይከላከልም፤ ቀቢው ካርትሪጅ ያለው ማስክ ያድርግ።

ያልተነካው የፊት ባምፐር ከኮፈኑ ትንሽ ቢለይ ግን እሱን አያሳድዱ፤ ፕላስቲክ ስለሆነ ከፋብሪካም ሲወጣ ሊለይ ይችላል። ነጭ ቶዮታ ያላችሁ ደግሞ መኪናው ላይ ባለው የመለያ ሳህን የተጻፈውን የቀለም ቁጥር እዩ። 040 ተራ ነጭ ነው፤ ያረጀው ቢጫ ስለሚል በጥቂት ቢጫ ይገራል። 070 ከሆነ ዕንቁ ነጭ ነው፦ ከነጩ በላይ የዕንቁ ንብርብር አለው፣ አንድ እጅ ሲጨመር መልኩ ይለወጣል። እሱን ናሙና ላይ በ2፣ በ3 እና በ4 እጅ ሳይሞክር በር ላይ የሚጀምር ቀቢ ካለ ቁልፋችሁን ተቀበሉት።