የድርጅታችሁን ደግነት ደመወዝ መክፈያው ላይ ፈልጉት

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት በሒሳብ ሥራ ነው። የአስመጪውንም፣ የፋብሪካውንም፣ የሆቴሉንም መዝገብ አገላብጫለሁ። ዘንድሮ ተመርቃችሁ ቢሮ የገባችሁ ልጆች ስለ ሥራ ሥነ ምግባር ምከረን ስትሉኝ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ድርጅታችሁ ለኅብረተሰቡ ምን ሰጠ ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት የማን ዕዳ አለበት ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን አሁን ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ባነር ነው። ደብተር ይታደላል፣ ለበዓል ዘይትና ዱቄት ይሰጣል፣ ችግኝ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሣል። መጥፎ ነው አልልም። ደብተሩ የደረሰው ልጅ ይማርበታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ያንኑ ባነር የሰቀለው ድርጅት ከሠራተኛው የቆረጠውን ጡረታ ሳያስገባ ሲቀር ነው።

እስቲ ፔይሮሉን፣ ማለትም የደመወዝ መክፈያ ሰነዱን፣ ክፈቱት። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ድርጅት ሠራተኛም የጡረታ ዋስትና አለው። ከሠራተኛው መሠረታዊ ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። ደመወዟ 6,000 ብር የሆነች ሴት 420 ብር ይቆረጥባታል፤ ድርጅቱ 660 ብር ይጨምርላታል። በወር 1,080 ብር ማለት ነው። እንደሷ ያሉ 50 ሠራተኞች ካሉ 54,000 ብር፣ በዓመት 648,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ድርጅቱ አካውንት ውስጥ ስለተቀመጠ ብቻ የድርጅቱ አይሆንም።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እጅ ያጥራል። ዕቃ ወደብ ላይ ነው፣ ባንክ ብድር አዘግይቷል፣ ደንበኛ አልከፈለም። ባለቤቱ ሒሳብ ክፍል ይመጣና «ለዚህ ወር ብቻ ጡረታውን እናቆየው» ይላል። ሌባ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የምር ተጨንቆ ነው። ግን በሚቀጥለው ወርም እጅ ያጥራል። ሲቆይ ደግሞ ቅጣትና ወለድ ይጨመርበታል፣ ያኔ ልክፈል ቢልም አይችልም።

በአንድ ስሙን በማልጠራው ድርጅት የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ 60 ዓመት ሞልቷት ጡረታ ወጣች። የየወሩን የደመወዝ ወረቀት በላስቲክ አስራ፣ በፌስታል ይዛ መጣች። አንዱም አልጎደለም። ጡረታ የሚለው መስመር ላይ ሁሉም ወር ተቆርጧል። የገባላት ሲታይ ግን መሐሉ ክፍት ነው፤ ተደምሮ 10 ዓመት አልሞላም። 10 ዓመት ያልሞላ አገልግሎት ደግሞ የዕድሜ ልክ አበል አያስገኝም። «ጋሼ፣ ይኸው ተቆርጦብኛል እኮ» እያለች ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረቻቸው። የጎደለውን ለማስከፈል በዚያ ዕድሜዋ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተች። እሷ ያጸዳችው ኮሪደር ግድግዳ ላይ የድርጅቱ የምስጋና ሰርተፊኬቶች በመስታወት ተሰቅለው ነበር።

ይሄ የሒሳብ ክፍል ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀውን አውሮፕላናችንን አስቡት። 157 ሰው አለቀ። ከዚያ በፊት አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያው ዓይነት አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰው ሞቷል። ቦይንግ 737 ማክስ አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፍቅ፣ ኤምካስ የሚባል ሲስተም ነበረው፤ አንድ ሴንሰር ብቻ ቢሳሳት ያለቦታው ይነሣል። አውሮፕላኑ ሥራ ሲጀምር ለአብራሪዎች በተሰጠው ማኑዋል ውስጥ ግን ስለ አሠራሩ አልተገለጸም። በ2013 ዓ.ም. ኩባንያው ሠራተኞቹ የበረራ ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት እንዳሳሳቱ አምኖ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ከአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር ተስማማ። ቦይንግ ለበጎ አድራጎትም ገንዘብ የሚሰጥ ኩባንያ ነው። ያ ሁሉ ልገሳ ከማኑዋሉ የቀረውን ገጽ አይተካም። ያንን ገጽ ያስቀሩት ደግሞ እንደናንተ ጠረጴዛ ያላቸው፣ ደመወዝ የሚበሉ ሰዎች ናቸው።

እናንተም «ይሄን ተወው» የምትባሉበት ቀን ይመጣል። ምናልባት ያለ ደረሰኝ ሽያጭ ይሆናል፣ ምናልባት ወደ ወንዝ የሚለቀቅ ቆሻሻ፣ ምናልባት ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ላይ የሚለጠፍ አዲስ ቀን። ያን ቀን ጀግና ለመሆን አትቸኩሉ፤ ጆሮ ዳባ ልበስም አትበሉ። አለቃችሁን ለብቻው አግኙትና ቁጥሩን አሳዩት። ዘንድሮ የቆየው 54,000 ብር ከዓመት በኋላ ስንት እንደሚሆን በወረቀት ሠርታችሁ አምጡለት። ሰው በስብከት ሳይመለስ በሒሳብ ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከየትኛው ወጪ መቀነስ እንደሚቻል አብራችሁ ፈልጉ። የስጦታው ባጀት ካለ መጀመሪያ እሱ ይቆይ በሉ፣ አትፈሩ።

እምቢ ካለ በጽሑፍ አሳውቁ። አጭር ማስታወሻ ይበቃል፦ ቀን፣ መጠን፣ የሰጣችሁት አስተያየት። የማስታወሻችሁን ኮፒ ያዙ። በሐሰት ሰነድ ላይ ግን አትፈርሙ፤ «በኋላ እናስተካክለዋለን» ያለው ሰው በኋላ አይገኝም፣ ፊርማው ግን የእናንተ ነው።

ቀላል ነው ብዬ አላታልላችሁም። የቤት ኪራይ አለባችሁ፣ ቤተሰብ ትረዳላችሁ፣ ሥራ እንደልብ አይገኝም። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ደመወዛችሁ ጀምራችሁ ትንሽ ትንሽ አስቀምጡ የምለው። የጥቂት ወር አስቤዛ በእጁ ያለው ሰው አለቃው ፊት ድምፁ አይርድም። ይሄን ምክር ከሥነ ምግባር ኮርስ ላይ አታገኙትም፤ እኔ ግን ከሁሉም አስቀድመዋለሁ።

ለጊዜው ከራሳችሁ ጀምሩ። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ያዙ። በዚህ ሳምንት ሒሳብ ክፍል ሂዱና ያለፈው ወር ጡረታ የገባበትን ደረሰኝ በትሕትና ጠይቁ። የናንተ ገብቶ ከሆነ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞቹም መግባቱን ጠይቁላቸው።