ጥያቄና መልስ፦ ለጉልበት አርትራይተስ ማሽን፣ ሙቀት ወይስ ስፖርት? (ድሬዳዋና ሐረር)

ፊዚዮ ከዚራ (መላሽ)፦ ዛሬ የምመልሰው የጉልበት አርትራይተስን ብቻ ነው። ጉልበቱ ቀልቶ የሚያቃጥለው፣ ትኩሳት ያለበት፣ ወድቆ መቆም ያቃተው ወይም አንድ ባቱ ብቻ ያበጠ ሰው እዚህ አይጠይቅ፤ ሐኪም ጋ ይሂድ።

ሳቢያን 07፦ እናቴ 63 ዓመቷ ነው፣ ሁለቱም ጉልበቷ ያማታል። ኤክስሬይ ተነስታ «ፈሳሹ አልቋል» ተባልን። ቴንስ (ቆዳ ላይ ተለጥፎ በኤሌክትሪክ የሚነዝረው ማሽን)፣ አልትራሳውንድ (በድምፅ ሞገድ የሚያክመው ማሽን) ወይስ ስፖርት?

ፊዚዮ ከዚራ፦ «ፈሳሹ አልቋል» የሚለውን ተይው። ኤክስሬይ ላይ የሚታየው በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ክፍተት መጥበቡ ነው፤ የሳሳው ካርቲሌጁ፣ ማለትም የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ አካል ነው። እንዲያውም ጉልበት ሲያብጥ ፈሳሹ በዝቶ ነው።

አንደኛ ስፖርት፣ ሁለተኛ ክብደት መቀነስ፣ ሦስተኛ ከዘራ። ቴንስ ቆዳውን እየነዘረ ሕመሙን ለጊዜው ያደነዝዛል፣ ጡንቻ ግን አይሠራም። እ.አ.አ. በ2022 የወጣው የእንግሊዝ ናይስ (የሕክምና መመሪያ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት) መመሪያ ለዚህ ሕመም ቴንስም አልትራሳውንድም አትስጡ ይላል። ገንዘባችሁን አልጋ ላይ ተኝታችሁ አትጨርሱ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በጀርባዋ ትተኛ፣ የተጠቀለለ ፎጣ ከጉልበቷ ሥር አድርጋ ፎጣውን ወደ ታች ትጫን፤ 5 ሰከንድ ትያዝ፣ 10 ጊዜ። ቀጥሎ አንዱን ጉልበት አጥፋ ሌላውን እግር ቀጥ እንዳለ 30 ሳንቲ ሜትር ታንሳ፤ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። በመጨረሻ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ 8 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። የቡና ዱካ አይደለም፣ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር! ሁሉም የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፦ ሲነሱ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ሲቀመጡ ደግሞ ዱብ ይላሉ። ጉልበቷ ከእግር ጣቷ አቅጣጫ አይውጣ፤ ሦስት እየቆጠረች ቀስ ብላ ትቀመጥ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቀን እየዘለለች። ሲቀላት አንድ ኪሎ ስኳር ረጅም ካልሲ ውስጥ ቋጥራችሁ ቁርጭምጭሚቷ ላይ እሰሩላትና እግሯን ታንሳ።

ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ብትለኩት እስከ 5 ቢደርስ ችግር የለም፣ በማግስቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ። ካልተመለሰ ብዛቱን በግማሽ ቀንሱ እንጂ አታቁሙ። ከ6 ሳምንት በፊት ለውጥ የለም ብሎ የሚጽፍልኝ ሰው መልስ አያገኝም።

ገንደ ቆሬ፦ በድሬ ሙቀት ላይ ደግሞ ሙቀት መያዝ? አቦ!

ፊዚዮ ከዚራ፦ ከአየሩ ጋር አይገናኝም። ጠዋት ሲገትር ሙቀት፣ 15 ደቂቃ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ። ሲያብጥ በረዶ፣ 10 ደቂቃ። የስኳር በሽታ ኖሮበት የእግሩ ስሜት የቀነሰ ሰው ሁለቱንም ይተው፤ ሳያውቀው ይቃጠላል።

ደቻቱ ማዶ፦ ለጉልበት ሕመም ምን ጥሩ ነው?

ፊዚዮ ከዚራ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

ደቻቱ ማዶ፦ አነበብኩ። ጎበዝ ወጌሻ በቅቤ ካሸው ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልግም።

ሳቢያን 07፦ ወጌሻ ለውልቃት ነው፤ ይሄ የወለቀ ነገር የለውም።

ደቻቱ ማዶ፦ ስንቱ ድኗል! አንቺ በማሽን አምነሽ ነው።

ሳቢያን 07፦ ማሽን ተውት እየተባለ ነው እኮ፣ አንብብ እንጂ!

ፊዚዮ ከዚራ፦ በቃ። ጭኑን በቀስታ ማሸት አይጎዳም፣ ከስፖርቱ ጋር እስከሆነ ድረስ። ጉልበት የሚጠመዝዝ ወይም በኃይል የሚያጥፍ ሰው ካያችሁ ተነስታችሁ ሂዱ።

የጁገል ልጅ፦ ሐረር ነኝ። የጁገል ቁልቁለት ከዳገቱ ይብሳል፣ ለምን? ከዘራስ በሚያመኝ በኩል ነው የምይዘው?

ፊዚዮ ከዚራ፦ ጥሩ ጥያቄ። ስትወርድ የፊት ጭንህ ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል፤ ከደከመ ጫናው ጉልበቱ ላይ ይወድቃል። ደረጃ ስትወጣ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርድ የታመመው።

ከዘራው የሚያዘው *በደህናው* ወገን እጅ ነው። ቀኝ ጉልበትህ ካመመህ ግራ እጅህ። ከዘራውና የታመመው እግር አብረው ያርፋሉ፤ ክብደትህን ይካፈላሉ። ቁመቱን ለመለካት ጫማህን አድርገህ ቁም፣ እጅህን ልቀቅ፤ የከዘራው እጀታ ከእጅ አንጓህ መስመር እኩል ይሁን። በጣም ከረዘመ ትከሻህን ይሰቅላል። የጫፉን ጎማ ደግሞ እየው፤ ካለቀ የጁገል ድንጋይ ላይ ያንሸራትትሃል።

የጁገል ልጅ፦ ነደባ (የሐረሪ ቤት መደብ) ላይ ተቀምጠን ስንቅምስ?

ፊዚዮ ከዚራ፦ ጉልበት አራት ሰዓት ታጥፎ ከቆየ ይገትራል። በየግማሽ ሰዓቱ እግርህን ዘርጋ፣ አሥር ጊዜ እጠፍ ዘርጋ አድርግ። ስለ ጫቱ አልጠየቅከኝም፣ አልመልስም።

መጋላ፦ ኤረር ፍልውሃስ?

ፊዚዮ ከዚራ፦ ሂድ፣ ታጠብ፣ ደስ ይላል። ስትመለስ ወንበሩ ይጠብቅሃል።

መጋላ፦ ጉልበት ውስጥ የሚወጋው መርፌስ?

ፊዚዮ ከዚራ፦ ሐኪምህን ጠይቅ። እ.አ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት 156 ሰዎችን ከፍሎ ለገሚሱ የስቴሮይድ መርፌ፣ ለገሚሱ ፊዚዮቴራፒ ሰጥቶ ነበር፤ ከዓመት በኋላ የተሻለው ፊዚዮው ነው።

ገንደ ቆሬ፦ ክብደት መቀነስ ምን ያህል ይጠቅማል?

ፊዚዮ ከዚራ፦ አንድ ኪሎ ስትቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበትህ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ይነሳል። አምስት ኪሎን አስላው።

ደቻቱ ማዶ፦ ታዲያ ለጉልበት ዋናው መድኃኒት ምንድን ነው?

ፊዚዮ ከዚራ፦ ወንበር! ተነሳ፣ ተቀመጥ!

ሳቢያን 07፦ አንድ ነገር ብቻ። ካልሲው ውስጥ ያለውን ስኳር ጉንዳን አይወረውም?

ፊዚዮ ከዚራ፦ ጨው አድርጊበት። ቀጣይ።