ማን ከማን ጋር አልተጫወተም? በኮሌጅ ፉትቦል ዙሪያ ለመሥራት ለምታስቡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ክፍል ልትቀጠሩም ሆነ ስለ ኮሌጅ ፉትቦል (የዩኒቨርሲቲዎቹ የአሜሪካ ፉትቦል) በአማርኛ ልትጽፉ ብታስቡ፣ አንድ አደራ አለኝ። አንድ ኮንፈረንስ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ተሰባስበው እርስ በርስ የሚወዳደሩበት ማኅበር፣ አዳዲስ ቡድኖች አስገባ በተባለ ቁጥር ወሬው ሁሉ የቴሌቪዥን ገንዘብ ይሆናል። አዎ፣ የሚስፋፉት ለገንዘቡ ብለው ነው፤ እሱን መካድ አይቻልም። ፉክክሩ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ግን መርሐ ግብሩን አውጥታችሁ ጠይቁ፦ ዘንድሮ ማን ከማን ጋር አይገናኝም?

እኛ ባደግንበት ኳስ ይህን የሚጠይቅ የለም። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 20 ቡድኖች እያንዳንዳቸው 38 ጨዋታ ያደርጋሉ፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር በሜዳውና ከሜዳው ውጭ ይገናኛል። የአሜሪካ ፉትቦል ግን አካል የሚያደቅ ጨዋታ ስለሆነ አንድ ቡድን በሳምንት ከአንዴ በላይ አይጫወትም። መደበኛው የውድድር ዘመን 12 ጨዋታ ነው፤ ከዚያ ውስጥ በትልልቆቹ ኮንፈረንሶች ለእርስ በርስ ግጥሚያ የሚተርፈው 8 ወይም 9 ብቻ ነው። ቡድን ይጨመራል፤ የጨዋታው ቀን ቅዳሜ ግን አይጨመርም።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ አስተያየት ከመስጠታችሁ በፊት ወረቀትና እርሳስ አንሱ። የቡድኖቹን ብዛት አንዱ ቡድን በሚያደርገው የኮንፈረንስ ጨዋታ አባዙና ለሁለት አካፍሉ፤ የሚደረጉት ጨዋታዎች ብዛት ይወጣል። ከዚያ የቡድኖቹን ብዛት በአንድ በሚያንሰው ቁጥር አባዝታችሁ ለሁለት አካፍሉ፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር አንዴ ቢገናኝ የሚያስፈልገው ይወጣል። 10 ቡድኖች 9 ጨዋታ ሲያደርጉ ሁለቱም መልስ 45 ነው፤ የቀረ የለም። ቢግ ቴን የተባለው ኮንፈረንስ ግን፣ ስሙ አሁንም “አሥሩ” ቢሆንም፣ በፈረንጆቹ 2024 የሎስ አንጀለሶቹን ዩሲኤልኤንና ዩኤስሲን፣ እንዲሁም ኦሪገንንና ዋሽንግተንን ጨምሮ 18 ደረሰ። የሚደረገው 81፣ የሚያስፈልገው 153። 72 ግጥሚያዎች ሜዳ ላይ አይታዩም።

ይህ ምን እንደሚያመጣ ያው 2024 አሳይቷል። ኢንዲያናና ፔን ስቴት በኮንፈረንሱ እያንዳንዳቸው 8 አሸንፈው 1 ተሸነፉ፤ ሁለቱንም የረታቸው ኦሃዮ ስቴት ነው። እርስ በርስ ግን አልተገናኙም። እኩል የሆኑትን የሚለየው ደንብ መጀመሪያ የእርስ በርስ ውጤትን ያያል፤ አልነበረም። ቀጥሎ ከጋራ ተጋጣሚዎች ጋር ያስመዘገቡትን ያያል፤ እኩል ነበሩ። ስለዚህ በሰንጠረዡ ቀዳሚ የሆኑት ሁለቱ ለሚገናኙበት የኮንፈረንሱ ፍጻሜ የሚያልፈውን የለየው የተጋጣሚዎቻቸው ውጤት ድምር ሆነ፣ ማለትም ሁለቱ ቡድኖች ራሳቸው ያልተጫወቱት ጨዋታ። ፔን ስቴት አልፎ በኦሪገን 45 ለ 37 ተሸነፈ። ሁለቱንም ያሸነፈው ኦሃዮ ስቴት በ7 ድልና በ2 ሽንፈት አራተኛ ሆኖ ከፍጻሜው ውጭ ቀረ፤ በጥር፣ ከኮንፈረንሱ ውጭ በሚደረገው ውድድር፣ የአገሪቱን ሻምፒዮና የወሰደው ግን እሱ ነው። ለዚህ ነው ኮንፈረንስ ሲሰፋ በመጀመሪያው ቀን የእኩልነት መለያ ደንቡን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ የምለው። የቢግ ቴን ዝርዝር መጨረሻ ላይ ዕጣ አለ።

ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ “መርሐ ግብሩ ቀሎለት እንጂ ቡድኑስ ደካማ ነው” ይላሉ። ኢንዲያናም በ2024 እንዲያ ተብሎ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ኦሃዮ ስቴትን 13 ለ 10 አሸንፎ የኮንፈረንሱን ዋንጫ ወሰደ። ቀላል መርሐ ግብር የቡድኑን ደረጃ ይደብቃል እንጂ ዝቅ አያደርገውም።

“በሁለት ምድብ ይከፈል” የሚል መፍትሔ ታቀርቡ ይሆናል። ተሞክሯል። ሌላው ኮንፈረንስ ኤስኢሲ በ1992 12 ቡድኖች ይዞ በሁለት ምድብ ተከፈለና የመጀመሪያውን የፍጻሜ ጨዋታ አደረገ። ቢግ ቴን ደግሞ ከ2014 እስከ 2023 ምሥራቅና ምዕራብ ብሎ ከፈለ፤ ኦሃዮ ስቴት፣ ሚሺጋንና ፔን ስቴት አንድ ምድብ ውስጥ ወደቁ። 10 ፍጻሜ ተደረገ፤ 10ሩንም ምሥራቅ አሸነፈ። በካርታ የተከፈለ ምድብ ኃይልን አያካፍልም።

ቁጥሩ ጎዶሎ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ኤሲሲ የተባለው ኮንፈረንስ ስታንፎርድን፣ ካል የሚባለውን የበርክሊውን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲና ኤስኤምዩን አስገብቶ በፉትቦል 17 ሆነ። 17 በ9 ሲባዛ 153 ነው፤ ለሁለት አይካፈልም። ስለዚህ 9 ጨዋታ ለሁሉም ማዳረስ ፈጽሞ አይቻልም፤ ቢያንስ አንዱ 8 ይዞ ይቀራል። ከዚያ 7 ድልና 1 ሽንፈት ከ7 ድልና 2 ሽንፈት ይበልጣል ወይ የሚለው ክርክር ይመጣል። አዲስ ገቢ ሁሉ ተሸናፊ ነው ማለት ደግሞ አይደለም፤ ኤስኤምዩ ለ9 ዓመት ከኮንፈረንሱ የቴሌቪዥን ገንዘብ ላይወስድ ተስማምቶ ገባና በመጀመሪያው ዓመት 8ቱንም የኮንፈረንስ ጨዋታ አሸነፈ። ክሌምሰንን ያገኘው ግን በፍጻሜው ብቻ ነው፤ 34 ለ 31 ተሸነፈ።

የሚጠፉ ደርቢዎችንም ቁጠሩ። ቢግ ቴን በየዓመቱ እንዲደረጉ የጠበቃቸው 12 ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ ፔን ስቴት ያለበት አንድም የለም። ኦክላሆማ ወደ ኤስኢሲ ሲሄድ ከኦክላሆማ ስቴት ጋር በየዓመቱ ያደርገው የነበረው ግጥሚያ በ2023 ቆመ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ልጆች የጎረቤታችሁን የሜሪላንድን ታውቃላችሁ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረበትን ኤሲሲን በ2014 ትቶ ሄደ፣ ከቨርጂኒያ ጋር የነበረው ዓመታዊ ግጥሚያም አብሮ ቀረ።

ጉዞውን በኪሎ ሜትር ብቻ አትለኩት። የሎስ አንጀለስ ቡድን ኒው ጀርሲ ሄዶ እኩለ ቀን ላይ ሲጫወት ሰውነቱ የሚያውቀው ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ከዚያ ጉዞ በኋላ የእረፍት ሳምንት አለው ወይስ የለውም? ተጋጣሚውስ ዐርፎ ነው የሚጠብቀው? ፉትቦል በሳምንት አንዴ ስለሆነ እንደ ምንም ይችለዋል። በሳምንት ከአንድ በላይ ጨዋታ ያላቸው የመረብ ኳስና የሶፍትቦል ልጆች ግን ለፉትቦል ተብሎ በተሰፋ ካርታ ላይ ከትምህርት ገበታቸው እየቀሩ ይበራሉ፤ ይህ በእኔ ዓይን ከሁሉም የከፋው ነው።

የተጋጣሚዎችን ጥንካሬም ወረቀታችሁ ላይ ጻፉ፤ ኅዳር ማብቂያ ላይ ግን እንደ አዲስ ሙሉት። በ2024 ከውድድሩ በፊት ቢግ 12 በተባለው ኮንፈረንስ ከ16 ቡድኖች መጨረሻ ይወጣል የተባለው አሪዞና ስቴት ነበር። አዮዋ ስቴትን 45 ለ 19 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።