በርገሩ ለምን ይደርቃል?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ አባታችን ደሴ ፒያሳ የከፈተውን ምግብና መጠጥ ቤት ዛሬ እኔና እህቴ ይዘነዋል። የሰፈሩ ሰው ማታ ማታ ከቢራው ጋር በርገር ያዛል። ሥጋው ግን ይደርቅብናል። አንዳንዱ ደንበኛ ደግሞ «እንደ ክትፎ ለብለብ አድርገው» ይላል። ላድርገው?

መልስ፦ አታድርገው፣ ልጄ። ባልተፈጨ ሥጋ ላይ ጀርሙ የሚገኘው በአብዛኛው ከላይ ነው። ሲፈጭ ወደ ውስጥ ይደባለቃል። ስለዚህ መሃሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይድረስ። የሥጋ ቴርሞሜትር ግዛ። ቀለሙን አትመን፤ ሳይበስልም ቡናማ ሊመስል ይችላል።

ድርቀቱን በስብ ፍታው። ለክትፎ የሚመረጠው ቀይ ሥጋ ብቻውን ለበርገር አይሆንም። ከኪሎው 200 ግራም ያህሉ ስብ ይሁን። ጨው አብረህ አትፍጭ፣ ሥጋውን ያጠነክረዋል። ልትጠብሰው ስትል ከላይ ነስንስበት። እየጠበስክ አትጫነው፤ ጭማቂው ፈሶ ያልቃል።

ደግሞ አደራ፣ የአባትህን ጥብስ ከሜኑ እንዳታወጣው። ነባሩ ደንበኛ የሚመጣው ለእሱ ነው። ረቡዕና ዓርብ ከምስርና ከድንች የጾም በርገር ሥሩ። ዳቦው ላይ ቅቤ እንዳይነካ፣ መጥበሻውም ለብቻው ይሁን።