«ምን ነበር?» ከማለታችሁ በፊት «የት ላይ ነበር?» በሉ

ውድ ልጆች፣

ያልታወቁ በራሪ አካላትን መመርመር የምትሹ ወጣቶች መብዛታችሁ ደስ ይለኛል። ሥራው ግን የሚበላሸው ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ዓይን ሰማይ ላይ ያለን እንግዳ ነገር ርቀት መለካት አይችልም፤ ርቀቱ ካልታወቀ ደግሞ ትልቀቱም ፍጥነቱም አይታወቅም። ምስክሩ «አውቶቡስ ያህላል» ቢላችሁ የነገራችሁ ግምቱን ነው።

በእርግጥ ያየው ማዕዘን ነው። ወደቆመበት ቦታ መልሳችሁ ውሰዱትና ክንዱን ዘርግቶ ጡጫውን ያንሳ። የጡጫ ስፋት 10 ዲግሪ፣ የትንሿ ጣት 1 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሙሉ ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ናት። ከአድማስ ስንት ጡጫ ከፍ ብሎ ታየ? በየት አቅጣጫ? ስንት ጣት ያህል በስንት ሰከንድ ተጓዘ? ምስክሮቹ ብዙ ከሆኑ ለየብቻ ጠይቁ፤ አንዴ ከተወያዩ የሁሉም ቃል አንድ ይሆናል።

ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ። የአገራችን ሰው «ከምሽቱ 3 ሰዓት» ሲል በ24 ሰዓት አቆጣጠር 21:00፣ በዓለም አቀፉ የበረራ ሰዓት (UTC) ደግሞ 18:00 ማለቱ ነው። ይህን ከሳታችሁ የከዋክብት ካርታውም የበረራ መዝገቡም የሌላ ሰዓት ሰማይ ያሳያችኋል፤ የአጥቢያ ኮከብም (ቬነስ) ሳትጠረጠር ታልፋለች።

ከዚያ ፊኛ የለቀቀ ካለ አጣሩ። ጥር 1948 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ኬንታኪ ግዛት ላይ አብራሪው ካፒቴን ቶማስ ማንቴል ሰማይ ላይ የታየን አካል ያለ ኦክስጅን ወደ ላይ ሲከተል አውሮፕላኑ ተከስክሶ ሞተ። መርማሪዎቹ መጀመሪያ ቬነስ ናት አሉ፤ ቬነስ ግን በቀን ብርሃን እንዲያ ጎልታ አትታይም። ኋላ ከሁሉ የቀረበው ማብራሪያ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ስካይሁክ የተባለው በጣም ከፍ ብሎ የሚበር የምርምር ፊኛ ሆነ፤ ፕሮግራሙ ምስጢር ስለነበር መርማሪዎቹ አያውቁትም ነበር። የአንድ ሰው ሕይወት ያለፈበትን ጉዳይ በቀረበላችሁ ስም ፈጥናችሁ አትዝጉ።

መሣሪያም ያሳስታል። ከታች ቀዝቃዛ፣ ከላይ ሞቃት አየር ሲነባበር የራዳር ሞገድ ወደ ምድር ይታጠፍና የመሬት ነገሮች በራሪ መስለው ይታያሉ፤ በሐምሌ 1952 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ ለታየው የአሜሪካ አየር ኃይል የሰጠው ማብራሪያ ይህ ነበር። ስለዚህ የዕለቱን የአየር ንብርብር ልኬት ሳታዩ ራዳርን አትመኑ። በ2015 እ.ኤ.አ. ከተዋጊ ጄት የተቀረጸው «ጎ ፋስት» ቪዲዮ ላይ ደግሞ አካሉ ውኃውን እየታከከ የሚከንፍ ይመስላል። የናሳ ቡድን ስክሪኑ ላይ ካሉት ቁጥሮች ሲያሰላ ግን ከፍታው 13,000 ጫማ፣ ፍጥነቱም በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ። የከነፈው 25,000 ጫማ ላይ የነበረው ጄት ነው፤ የጄቱ እንቅስቃሴ ወደ አካሉ ዞሮ ታየ።

ቪዲዮ ስትቀበሉ በቴሌግራም የዞረውን ሳይሆን መጀመሪያ የተቀረጸበትን ስልክ ፋይል ጠይቁ፤ ሲላላክ ይጨመቃል፣ ሰዓቱና ቦታውም ይጠፋሉ።

ከኦሃዮው ራይት-ፓተርሰን የአየር ኃይል ሰፈር ይመራ የነበረው ብሉ ቡክ፣ የአሜሪካ አየር ኃይል ያልታወቁ በራሪ አካላት ምርመራ ፕሮጀክት፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ከ12,618 ጉዳዮች 701ዱ «ያልታወቀ» ተብለው ቀሩ። እናንተ መዝገባችሁን ስታደራጁ «መረጃ የጎደለው»ን እና «መረጃው ተሟልቶ ያልተፈታ»ውን በአንድ ሳጥን አትክተቱ። በመጀመሪያው ላይ ምን እንደጎደለ፣ ከማን እንደሚገኝ ጻፉበት፤ ያ ወረቀት ከዓመታት በኋላ ሌላ መርማሪ እጅ ይገባል።