ባኩማንን ጨርሰሽ ማንጋ ለጀመርሽው እህታችን፦ ዘጠነኛውን ገጽ ከመጀመርሽ በፊት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። አንቺና አብሮ አደግሽ፣ ሁለት ልጆች ማንጋ (የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ) ለመሥራት ሲታገሉ የሚተርከውን ባኩማን የተባለ ማንጋ 20ውንም ቅጽ ጨርሳችሁ፣ እሱ ሊጽፍ አንቺ ልትስዪ ተስማምታችኋል። ባለ 45 ገጽ ታሪክ ጀምራችሁ 8 ገጽ በቀለም አልቋል። ክፍላችሁ ውስጥ በሳምንት 10 ገጽ የሚስል ልጅ ስላለ ደግሞ ቀድሟችሁ ወደ ጃፓን እንዳይልክ ሰግታችኋል። የጠየቅሽው የትኛውን ብዕር እንደምትገዢና የት እንደምትልኪ ነው። ሁለቱንም እመልሳለሁ፤ ግን እባክሽ ዘጠነኛውን ገጽ ለጊዜው አትንኪው።

1. ኔም ሳያልቅ ቀለም አይነካም። ባኩማን ውስጥ ጸሐፊው ታካጊ ለሠዓሊው ማሺሮ የሚያቀብለው ወረቀት ትዝ ይልሻል? ኔም የሚባለው እሱ ነው። የገጹ ፓነሎች (በመስመር የታጠሩት የሥዕል ክፍሎች) ተከፋፍለው፣ ሰዎቹ በክብና በጭረት ብቻ ተቀምጠው፣ ንግግሩ በሙሉ ተጽፎበት የሚቀርብ ረቂቅ ነው። በጃፓን መጽሔቶች ኤዲተሩ አስቀድሞ የሚያነበው፣ የሚመልሰው፣ የሚያስተካክለው ይህንኑ ነው። ባኩማን ውስጥ የአርትዖት ቢሮ ጠረጴዛ ላይ የሚደረገው ክርክር አብዛኛው በኔም ላይ የሚደረግ ነው። ሳምንታዊው የማንጋ መጽሔት ሾነን ጃምፕ ላይ አንድ ምዕራፍ ብዙውን ጊዜ 19 ገጽ ነው፤ በየሳምንቱ 19 ገጽ የሚያወጣ ሰው ያለቀ ሥዕል ቀድዶ እንደገና ለመሳል ጊዜ የለውም።

በእጅሽ ያሉትን ቅጾች ክፈቺና ከምዕራፎቹ መሀል የገቡትን የረቂቅ ገጾች ፈልጊ። የራሱ የባኩማን ጸሐፊ የኦባ ጹጉሚ ረቂቅ፣ ከዚያ የሠዓሊው የኦባታ ታኬሺ ረቂቅ፣ ከዚያ የታተመው ገጽ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ብዙ ሰው ገልጦ ያልፋቸዋል። እኔ ግን ከመጽሐፉ ሁሉ ለእናንተ የሚጠቅመው ክፍል ይህ ነው እላለሁ። የኦባ ሰዎች ፊት እንኳ የላቸውም ለማለት ይቻላል፤ ሆኖም ማን የት እንደቆመና ዓይናችን ከየት ወደየት እንደሚሄድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኦባታ ደግሞ የአንዱን ፓነል ስፋት ይቀይራል፣ የሌላውን ዕይታ ያዞራል። እያንዳንዱ ለውጥ ለምን እንደተደረገ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት።

አብሮ አደግሽ የሚሰጥሽ በተርታ የተጻፈ ታሪክ ከሆነ ግማሹን ሥራ ያንቺ ትከሻ ላይ ጥሎታል። ኔም ራሱ ይሥራ። አልችልም ካለ ክብና ጭረት መሳል ይበቃል በይው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ተራ ኤፎር ወረቀት መሀሉ ላይ ታጥፊያለሽ፤ ግራና ቀኙ ሁለት ገጽ ይሆናል። ለ15 ገጽ ሥራ 8 ወረቀት ይበቃል፤ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ አንድ ገጽ ብቻ ይገባል፣ ቀሪዎቹ ሁለት ሁለት ይይዛሉ። ገጽ ሲገለጥ አንባቢው ፊት የሚመጣው ሙሉ ቁጥር ገጽ ነው፦ 2፣ 4፣ 6። ስለዚህ ማስደንገጥ የምትፈልጉት ነገር እዚያ ላይ ይውጣ፤ ከፊቱ ያለው ጎዶሎ ቁጥር ገጽ የመጨረሻ ፓነሉ ጥያቄ ያንጠልጥል። በአንድ ገጽ 5 ወይም 6 ፓነል በቂ ነው።

አሁን ወደ 8ቱ ገጾችሽ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ወድቆ የሚቀረው። ያለቀ ገጽ መጣል ያንገበግባል። አንድ ገጽ 10 ሰዓት ቢወስድብሽ 80 ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ ታሪኩ መቀየር እንዳለበት እያወቁ ሰዎች ያለቁትን ገጾች ለማዳን ሲሉ የቀረውን ታሪክ ያጣምማሉ። ገጽ 3 ላይ አንድ ልጅ ቆንጆ ሆኖ ስለተሳለ ብቻ እስከ ገጽ 45 ድረስ ሥራ ፈትቶ ይከተላል። መግቢያው 6 ገጽ ስለፈጀ መጨረሻው በ2 ገጽ ይታፈናል። አንባቢ ምክንያቱን ባያውቅም ነገሩ እንደተጎተተ ይገባዋል። ገጾቹን ንጹሕ ፕላስቲክ ውስጥ አድርገሽ አስቀምጫቸው፤ ዐይንሽ የማያያቸው ቦታ ይሁን። ከዚያ ኔሙን እንዳልነበሩ ቆጥራችሁ ከገጽ 1 ጀምሩት። ኔሙ አልቆ አንዱ ገጽ እንዳለ ከገባ እሰየው፤ ካልገባ ለልምምድ ጠቅሞሻል።

45 ገጽም ይበዛባችኋል። 15 ገጽ አድርጉት። አንድ ሰው፣ አንድ ፍላጎት፣ አንድ እንቅፋት፣ ያ ሰው የሚወስደው አንድ ውሳኔ። 15 ገጽ መጨረስ የቻለ ሰው 31ም ይጨርሳል፤ ከ45 ጀምሮ የጨረሰ ግን ያየሁት ጥቂት ነው።

2. አቅጣጫውን ዛሬ ወስኑ። የጃፓን ጽሑፍ ከላይ ወደታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ ገጹም እንደዚያው ነው። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። በአማርኛ ለሚነበብ ሥራ ፓነሉንም ከግራ ወደ ቀኝ አድርጉት። አንዳንዱ «መጀመሪያ እንደ ጃፓኖቹ ልሳል፣ በኋላ በኮምፒውተር እገለብጠዋለሁ» ይላል። ሲገለበጥ ሰው ሁሉ ግራኝ ይሆናል፣ የታክሲው መሪ ወደ ማዶ ይዞራል፣ ሱቁ ላይ የተጻፈው ስም ይገለበጣል። ፊት ላይ የነበረ ትንሽ መንሻፈፍም ሲገለበጥ ጎልቶ ይወጣል።

የንግግር አረፋውም ነገር አለው። በጃፓን ማንጋ ውስጥ አረፋው ቁመቱ ረጅም፣ ወርዱ ጠባብ ነው፤ ለቁም ጽሑፍ ስለተሠራ። እሱኑ አይተሽ ከሳልሽ «አልተመለሰችልንም» የሚለው አንድ ቃል ብቻውን አይገባልሽም፤ ሁለት ቦታ ትቆርጪዋለሽ፣ ያስጠላል። የአማርኛ አረፋ ወርዱ ይስፋ። በአንድ አረፋ ከ10 ቃል አትለፉ። ጽሑፉን በኔሙ ላይ በእውነተኛው መጠን አስቀምጡት፤ አረፋውን ከሥዕሉ በፊት አስምሩ። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ቦታ የተፈለገለት አረፋ የሰው ግንባር ላይ ነው የሚያርፈው። የፊደል ቅርጹ መስመሩ ወፈር ያለ ይሁን፤ ቀጫጭኑ ገጹ ሲያንስ ይበጣጠሳል። የድምፅ ጽሑፍን ግን በእጅሽ ሳዪው። ዷ፣ ጧ፣ ቿ፣ ፏ፦ አንድ ፊደል ብቻ ስለሆነ ጠባብ ጥግ ላይ ሳይቀር ግዙፍ አድርገሽ ልታስገቢው ትችያለሽ።

3. ወረቀትና ብዕር። የጃፓን ባለሙያዎች የሚስሉበት ወረቀት ቢፎር ነው፣ 257 በ364 ሚሊ ሜትር። ዋናው የውስጥ ፍሬም 180 በ270 ነው፤ ንግግርና ወሳኝ ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ይግባ። የሚቆረጠው መጠን 220 በ310 ነው። ገጹን ሞልቶ የሚወጣ ሥዕል ካለ ከዚህ መስመር አልፎ ይሳል፤ አለዚያ ሲቆረጥ ነጭ ጠርዝ ይቀራል። መጽሔቱ ላይ ሲታተም ወደ 83 በመቶ ያንሳል። ስለዚህ በ10 ነጥብ የተጻፈ ፊደል ሲታተም 8 ነጥብ ከምናምን ይሆናል፤ ከዚያ በታች አትውረጂ። ሥዕልሽንም አሳንሰሽ ኮፒ አስደርጊና እዪው፤ የጠፋው መስመር የትኛው እንደሆነ ያኔ ታውቂያለሽ።

ቢፎር ካጣሽ ኤትሪ ግዢ፤ ከወርዱ 40፣ ከቁመቱ 56 ሚሊ ሜትር ቆርጠሽ ስትጥዪ ልክ ቢፎር ይሆናል። 160 ግራም የሆነውን ምረጪ። ባለ 80 ግራሙ የኮፒ ወረቀት ቀለም ያሰራጫል፣ ሁለት ጊዜ ሲላጰስም ይላጣል። የፓነል መስመር 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጎን ለጎን ባሉ ፓነሎች መሀል 3 ሚሊ ሜትር፣ ከላይና ከታች ባሉት መሀል 7 ሚሊ ሜትር ተዪ። ይህ ልዩነት ለውበት ሳይሆን አንባቢው መስመሩን ጨርሶ ወደ ታች እንዲወርድ የሚመራው ነው።

ከብዕር ጫፎች ጂ ብዕር ስትጫኚው የሚወፍር፣ ስትለቂው የሚቀጥን መስመር ይሰጣል፤ ለሰው አካልና ለልብስ እሱ ነው። ማሩ ብዕር ለፀጉርና ለቅጥነት፣ ካቡራ ብዕር ደግሞ ወጥ መስመር ለሚፈልግ ዕቃና ሕንፃ። አዲስ ጫፍ ዘይት ስለተቀባ ቀለም አይዝም፤ በጨርቅ ጥረጊው። ቀጭኑ መስመር መወፈር ሲጀምር ጫፉ ስላለቀ ቀይሪው። ከውጭ ማስመጣት ካልተመቸሽ ውኃ የማያስለቅቀው 0.3 እና 0.8 ፋይንላይነር (ጫፉ ቀጭን የሆነ እስክሪብቶ) በቂ ነው፤ በብዕር ምክንያት ውድቅ የተደረገ ኔም የለም። በታብሌት የምትስዪ ከሆነ ክሊፕ ስቱዲዮ ፔይንት አለ፤ ብዙ ገጽ በአንድ ፋይል ለመያዝ ኢኤክስ የሚባለው ያስፈልግሻል፣ ፕሮ የሚባለው ገጽ በገጽ ነው። በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚገቡ ነጥቦች ብዛት) ጥቁርና ነጭ አድርጊ። ስክሪን ቶን (ግራጫ ጥላ የሚሰጥ የነጠብጣብ ንድፍ) ስትጠቀሚ በኢንች 60 መስመር፣ 10 በመቶ ጥቁረት ባለው ጀምሪ፤ ቶን ከለጠፍሽ በኋላ ገጹን አታሳንሺ፣ ነጠብጣቦቹ እየተጋጩ ያልታሰበ ሞገድ ይፈጥራሉ።

በወረቀት ከሠራሽ ደግሞ ስካኑ ላይ ተጠንቀቂ። በዚህ ጉዳይ የምናደድበት ነገር አለኝ። ኮፒ ቤት ሄደሽ «ስካን አድርግልኝ» ስትይ ምንም ሳይጠይቁ በ200 ዲፒአይ፣ በተጨመቀ ጄፔግ፣ ፒዲኤፍ ውስጥ ከትተው ይሰጡሻል። ስትመልሺው «ምን ልዩነት አለው፣ ይታያል እኮ» ይሉሻል፣ ከኋላሽ ያለውን ደንበኛ ማስተናገድ ይጀምራሉ። የወር ልፋትሽ ነው፤ አትፈሪ፣ ቆመሽ አስደርጊው። በ600 ዲፒአይ፣ በግራጫ፣ በቲፍ ወይም በፒኤንጂ በያቸው። ከመክፈልሽ በፊት ፋይሉን ክፈቺና ቁጥሩን እዪ፤ የኤትሪ ስካን በ600 ዲፒአይ 7016 በ9921 ፒክስል ነው። 2339 በ3307 ካየሽ 200 ዲፒአይ ስለሆነ መልሺው። መስታወቱንም በራስሽ ጨርቅ ጥረጊ፤ እዚያ ላይ ያለ አንድ ፀጉር 15ቱም ገጽ ላይ ይወጣል።

ስለዚያ ልጅ ደግሞ። በሳምንት 10 ገጽ መሳሉ ስለ ኔሙ ምንም አይነግራችሁም። ባኩማን ውስጥ ማሺሮ፣ ፉኩዳና ናካይ የተገናኙት በሌላው ወጣት የማንጋ ሠዓሊ በኢጂ ሥራ ቦታ፣ ረዳት ሆነው ነው። ተፎካካሪ ሆነው ሳለ እርስ በርስ ሥራ እየተያዩ ነው የበረቱት። ልጁን ጥሩትና ውድድሩን ግልጽ አድርጉት፦ ሁለታችሁም 15 ገጽ ኔም፣ በአንድ ማስረከቢያ ቀን። ሌሎች የሚስሉ ልጆች ካሉ ጨምሩ፤ አምስት ሥራ ብታገኙ ጥሩ ነው። ስም ሳትጽፉ ኮፒ አድርጉና ለ20 አንባቢ ስጡ። አንባቢው ጃምፕ ላይ በፖስት ካርዱ እንደሚደረገው የወደዳቸውን ሦስቱን በቅደም ተከተል ይምረጥ። «ወደድከው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው ለይሉኝታ ብሎ አዎ ይላችኋል። ሦስት ምረጥ ሲባል ግን የሚተወው ይታያል። የትኛው ገጽ ላይ ንባቡን ሊያቆም እንደፈለገም ምልክት ያድርግ። ብዙ ምልክት ያረፈበትን ገጽ ከእሱ በፊት ካለው ጋር አብራችሁ አስተካክሉ፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው።

ከአብሮ አደግሽ ጋር ደግሞ ዛሬውኑ አንድ ገጽ ውል ጻፉ፦ ገቢ ቢመጣ ክፍፍሉ፣ የስማችሁ ቅደም ተከተል፣ ብትለያዩ ገጸ ባሕርያቱን ማን እንደሚይዝ። ማሺሮና ታካጊ አሺሮጊ ሙቶ በሚል አንድ የብዕር ስም ሠርተዋል። እናንተም ከፈለጋችሁ መልካም፤ ግን ውሉ ላይ ሁለታችሁም በሙሉ ስማችሁ ፈርሙ።

ወዴት እንደምትልኩ፦ ባኩማን ውስጥ እንዳለው ሥራን ይዞ የጃምፕ አሳታሚ ወደሆነው ሹኤሻ ቢሮ ድረስ መሄድ ጃፓን ላለ ሰው ነው። ለውጭ ሰው ሹኤሻ በ2022 የከፈተው ማንጋ ፕላስ ክሪኤተርስ አለ፤ በእንግሊዝኛ ይቀበላል፣ ስለዚህ ትርጉሙ የሚገባበትን የአረፋ ስፋት አስቡበት። ኮአሚክስ የተባለው አሳታሚ በ2012 የጀመረው ሳይለንት ማንጋ ኦዲሽን ደግሞ ያለ ንግግር የሚሠራ ማንጋ ነው የሚጠይቀው። ለእናንተ የቋንቋ ግድግዳ የማይኖርበት መንገድ ይህ ስለሆነ እኔ ብጠየቅ ከዚህ ጀምሩ እላለሁ። ኔማችሁ ያለ አንድ ቃል ይገባ እንደሆነም ይፈትንላችኋል። የጃፓን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በ2007 የጀመረው ዓለም አቀፍ የማንጋ ሽልማትም አለ፤ ቢያንስ 24 ገጽ ስለሚፈልግ ለሁለተኛ ሥራችሁ ያዙት። የሦስቱንም ደንብ በምትልኩበት ሰሞን ከራሳቸው ገጽ አንብቡ፤ የፋይል መጠንና የማስረከቢያ ቀን በየዙሩ ይለያያል።

ለመጀመሪያው ሳምንት፦ ሰኞና ማክሰኞ አብሮ አደግሽ ኔሙን ይጨርስ፣ ረቡዕ አንቺ ፓነሎቹን አስተካክዪ፣ ሐሙስ ድምፅ አውጥታችሁ እያነበባችሁ የማያስፈልገውን ንግግር ሰርዙ፣ ዓርብ እንደገና በንጹሕ ወረቀት ገልብጡት። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን 5 ገጾች ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊልን። ፓነል በፓነል አይተን እንነግርሻለን።